ኳሱን አስቀምጡት፣ ኩባያውን አምጡት፦ ከስትሮክ በኋላ የደከመ እጅን ቤት ውስጥ ማለማመድ

ስትሮክ የመታው ሰው ያለበት ቤት ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ኳሷ ላይ ነው። ትንሽ፣ ለስላሳ የጎማ ኳስ። አንዱ ዘመድ በፍቅር ገዝቶ አምጥቷታል። "ይጭመቋት፣ እጅዎ ይበረታል" ተብለዋል። እሳቸውም ቀኑን ሙሉ ይጨምቃሉ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ከስትሮክ በኋላ እጅን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቅተው መጨበጥ ሳይሆን መከፈት ነው። ጣቶቹ ወደ መዳፍ መታጠፍ ይቀናቸዋል፤ የእጅ አንጓው ወደ ታች ይወድቃል፤ ጡንቻው ይወጠራል። ኳስ መጭመቅ ማለት እጁ ሳይታዘዝም የሚያደርገውን ነገር መልሶ ማስጠናት ነው። ዕቃ ለማንሳት ግን መጀመሪያ እጅ መከፈት አለበት። ያነሱትን ለማስቀመጥም እንደዚሁ።

እኔ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ። ሥራችን ሰው የዕለት ኑሮውን በራሱ እንዲያከናውን ማገዝ ነው፤ ልብስ መልበስ፣ መብላት፣ መጻፍ፣ በር መክፈት። አንጎል ጡንቻንና መገጣጠሚያን እንዴት እንደሚያዝ፣ ከተጎዳ በኋላስ እንዴት እንደገና እንደሚማር ብዙ ተጠንቷል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ጥቂት የቤት ዕቃ ይዞ ሊሠራ የሚችለውን ነው እዚህ የማስቀምጠው። ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ "አባታችሁ" እያልኩ እሄዳለሁ። እናት፣ እህት ወይም ባል ሊሆኑ ይችላሉ፤ እናንተው ራሳችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ይህ መመሪያ ከሆስፒታል ወጥተው ለተረጋጉ ሰዎች ነው። በመጀመሪያው ቀን መጣደፍ አያዋጣም። አቨርት የተባለው ትልቅ ጥናት 2104 ሰዎችን አሳትፎ ውጤቱ በ2015 ወጣ። ስትሮኩ በመታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ከአልጋ እያወረዱ በብዛት ማንቀሳቀስ፣ በሦስተኛው ወር ጥሩ ደረጃ ላይ የተገኙትን ሰዎች ቁጥር ቀነሰው እንጂ አልጨመረውም። ስለዚህ መቼ መጀመር እንዳለባችሁ የሚያክማችሁን ሐኪም ወይም ቴራፒስት ጠይቁ።

ትከሻውን ጠብቁ። የደከመ ክንድ ትከሻው ላይ የሚይዘው ጡንቻ ላልቶበታል። ከአልጋ ስታነሷቸው እጃቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ በብብታቸው ገብታችሁም ወደ ላይ አትሳቡ። ከላይ በተንጠለጠለ ገመድ ደህናው እጅ የደከመውን ከራስ በላይ እንዲስብ የሚያደርጉ ሰዎችም አያለሁ። ይቅርባችሁ፤ ትከሻ ያሳምማል። በልምምድ መሃል ሕመም ከመጣ ደግሞ አቁሙ። "ሕመሙን ችሎ መሥራት" የሚባል ነገር እዚህ ቦታ የለውም። ድንገት ፊታቸው ከተጣመመ፣ ንግግራቸው ከተንተባተበ ወይም አዲስ ድካም ከታየ ልምምዱን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

አሁን እጁን ፈትሹ። ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ እጃቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ አልፎ ወደ ታች ይንጠልጠል። "ወደ ላይ ያንሱት" በሏቸው። አንጓው ትንሽም ቢሆን ከተነሳ፣ አውራ ጣትና ሌሎች ሁለት ጣቶች ትንሽ ከተዘረጉ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ይመለከታችኋል። ምንም ካልተነቃነቀ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል ሂዱ። የጣት መዘርጋት ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በኔዘርላንድስ 188 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2010 የወጣ ጥናት አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ ጣታቸውን ትንሽ መዘርጋትና ክንዳቸውን ወደ ጎን ማራቅ የቻሉ ሰዎች፣ በ6 ወር የተወሰነ የእጅ ቅልጥፍና የማግኘት ዕድላቸው 98 በመቶ ነበር። ሁለቱንም ያልቻሉት ግን 25 በመቶ። ሃያ አምስት ደግሞ ዜሮ አይደለም።

1ኛ፦ ሥራውን እሳቸው ይምረጡት

"ዛሬ ስንት ጊዜ ክንድዎን እናንሳ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "በዚህ እጅ ምን ማድረግ ናፈቀዎት?" ብላችሁ ጀምሩ። አንዱ ከኩባያ መጠጣት ይላል። ሌላው የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሌላው ስልኩን ጆሮው ጋ ማድረስ። ሦስት ሥራ ይበቃል። ጻፉት።

ይህ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካትሪን ትሮምብሊ የተባሉ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2000 ባወጡት ጥናት ስትሮክ የነበረባቸውን ሰዎች ሳንቲም ከጠረጴዛ ላይ በደከመው እጅ ጠርገው ወደ ሌላው እጅ እንዲያስገቡ አደረጉ። አንድ ጊዜ በእውነተኛ ሳንቲም፣ አንድ ጊዜ ሳንቲም ሳይኖር እንዳለ አስመስለው። ሳንቲሙ በእውነት ሲኖር ያው ክንድ ፈጠነ፤ መንገዱ ቀጥ አለ፤ እንቅስቃሴው ለሰለሰ። ክንዱ አልተቀየረም። የተቀየረው ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ነው።

እስቲ አሁን ራሳችሁ ሞክሩት። ኩባያ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ እጃችሁን ላኩ፤ ጣቶቻችሁን ተመልከቱ። ጣቶቻችሁ የሚከፈቱት ኩባያው ጋ ደርሰው አይደለም፤ መንገድ ላይ ነው። ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛው አካባቢ ሲደርሱ በጣም ይሰፋሉ፤ ከኩባያውም ይበልጥ። ከዚያ እየጠበቡ ሄደው ልክ ሲነኩት ይገጥማሉ። ይህን ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርክ ዣንሮ በ1980ዎቹ እጅን በካሜራ እየቀረጹ በዝርዝር አሳይተዋል። ወፍራም ኩባያ ከሆነ ብዙ ትከፍታላችሁ፤ እስክሪብቶ ከሆነ ትንሽ። ማንም አላዘዛችሁም። ዓይን ዕቃውን አይቶ እጅን ያዘጋጃል። ኳስ መዳፍ ውስጥ አስቀምጦ መጭመቅ ይህን ሁሉ ይዘለዋል፤ መሄዱን፣ መክፈቱን፣ መግጠሙን፣ መልቀቁን። እጁ መልሶ መማር ያለበት ደግሞ በትክክል ይህንኑ ነው።

2ኛ፦ አቀማመጣቸውን አስተካክሉ

እግራቸው መሬት ይርገጥ። ጀርባቸው ወንበሩን ይደገፍ። ጠረጴዛው ክርናቸው በሚያርፍበት ከፍታ ይሁን። ሶፋ ላይ ሰምጦ እጅ ማለማመድ አይቻልም።

ከዚያ ደረታቸውን ተከታተሉ። ክንድ አልዘረጋ ሲል ሰውነት ወደፊት ያጋድላል። ሚንዲ ሌቪን የተባሉ ካናዳ የሚሠሩ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህን በዝርዝር አጥንተውታል፤ ክንዱ የደከመ ሰው ዕቃው ጋ የሚደርሰው ክርኑን ዘርግቶ ሳይሆን ደረቱን ልኮ ነው። ዕቃው ይነሳል፣ ሥራው አለቀ ይባላል፣ ክርኑ ግን ምንም አልተማረም። አንድ ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ። በጀርባቸውና በወንበሩ መደገፊያ መሃል የታጠፈ ጨርቅ አስገቡ። ጨርቁ ከወደቀ አጋድለዋል ማለት ነው። እናንተ "አያጋድሉ" እያላችሁ መጨቅጨቅ አይኖርባችሁም፤ ጨርቁ ይናገራል። ጨርቁ ደጋግሞ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ኩባያው ርቋል። አቅርቡት።

3ኛ፦ የሥራውን ክብደት በልካቸው አድርጉ

የምጠቀምበት መለኪያ ከ10 ሙከራ 7 ያህሉ ይሳካ የሚል ነው። አሥሩም ከተሳካ ቀሏል። ሦስት ብቻ ከተሳካ ከብዷል፤ ሰውየውም ተስፋ ይቆርጣል።

ለማቅለል፦ ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ቅርብ፣ ለመያዝ የማያንሸራትት። ክንዱን ማንሳት ካቃታቸው ከክንዳቸው በታች ፎጣ አድርጉና ጠረጴዛው ላይ እያንሸራተቱ ይሂዱ። ለማክበድ፦ ራቅ ማድረግ፣ ውሃ መጨመር፣ ቀጭን ዕቃ መስጠት፣ ከጠረጴዛ ወደ ዝቅተኛ መደርደሪያ ማሻገር። ሙቅ ነገር ግን በፍጹም አይሁን፤ ያ እጅ ሙቀትን በደንብ ላይሰማ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ በአንዴ ቀይሩ። ርቀቱንም፣ ክብደቱንም፣ ስፋቱንም ባንዴ ከቀየራችሁ ምኑ እንዳስቸገራቸው አታውቁም።

4ኛ፦ ትንሽ ተናገሩ፣ ስለ ዕቃው ተናገሩ

"ክርንዎን ይዘርጉ፣ ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ፣ አንጓዎን ያንሱ፣ አይ እንደሱ አይደለም..." ይህን የሚሰማ ሰው እጁ ይተሳሰራል። ጤነኛ ሰውም ቢሆን።

በ2002 ስትሮክ በነበረባቸው ሰዎች ላይ የተሠራ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ጥናት ሁለት ዓይነት ትዕዛዝ አወዳደረ። አንዱ ስለ ክንዳቸው እንዲያስቡ ያደርጋል፤ ሌላው ስለሚያነሱት ዕቃ። ስለ ዕቃው ሲያስቡ እንቅስቃሴያቸው ፈጠነ፣ ጉልበትም አገኘ። ስለዚህ "ክርንዎን ይዘርጉ" በማለት ፈንታ "ኩባያውን መስመሩ ጋ ያድርሱት" በሏቸው። ጠረጴዛው ላይ በቴፕ መስመር አስምሩ። "ጣትዎን ይክፈቱ" በማለት ፈንታ "ኩባያው ትልቅ ነው፣ ይመልከቱት" በሏቸው።

ሩሲያዊው ተመራማሪ ኒኮላይ በርንስታይን ገና በ1920ዎቹ የሠራተኞችን የመዶሻ ምት በፊልም እያጠኑ የደረሱበት ነገር አለ። ሥራውን ለዓመታት የሠራ ሰው መዶሻው የሚያርፍበትን ቦታ አይስትም፤ የትከሻው፣ የክርኑና የአንጓው መንገድ ግን ከምት ምት ይለያያል። አካል አንድን ቅርጽ እየገለበጠ አይደለም የሚሠራው። ግቡን ይዞ መንገዱን በየጊዜው እንደ አዲስ ይፈታል። አባታችሁም ልክ እንደ ድሮው እጃቸውን ካላንቀሳቀሱ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ግቡን አስይዟቸው።

5ኛ፦ ቁጠሩ

ይህን ክፍል በጣም እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ካትሪን ላንግ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባወጡት ሥራ 312 የሕክምና ክፍለ ጊዜዎችን ቁጭ ብለው ተመለከቱና ቆጠሩ። እጅን ለሥራ ማንቀሳቀስ በተለማመዱባቸው ክፍለ ጊዜዎች አማካዩ 32 ድግግሞሽ ነበር። ሠላሳ ሁለት! በእንስሳት ላይ በተሠሩ ጥናቶች አንጎል ሲቀየር የታየው በቀን በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። በ2010 ያው ቡድን ሰዎች ይህን ያህል ይችሉ እንደሆነ ሞከረ። ቻሉ። በአንድ ሰዓት በአማካይ 322።

ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጉት። 20 የጠርሙስ ክዳን ሰብስቡ። በአንድ ሳህን አድርጋችሁ በደከመው እጅ ወደ ሌላኛው ሳህን ይሻገር። ይኸው፣ ሳታስቡት 20 ሆነ። ትንሽ ይረፉና ይመልሱት፤ 40። በዚህ መልክ አንድ ሥራ 100 ጊዜ ይደርሳል፤ ሦስት ሥራ ካላችሁ 300። በመጀመሪያው ሳምንት 60 ከሆነ 60 ይሁን። ጠዋትና ማታ መከፋፈልም ይቻላል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ጣቶቹ እየተቆለፉ ከመጡ ደክሟል፤ ይረፍ።

ግን ቁጥር አታምልኩ። በ2016 የወጣ ጥናት 85 ሰዎችን ከፋፍሎ አንዳንዶቹን 3200፣ አንዳንዶቹን 6400፣ ሌሎቹን 9600 ጊዜ አለማመደ፤ ሌሎችን ደግሞ እንደየአቅማቸው እስከ ከፍተኛው። ስትሮኩ ከመታቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸው ነበሩ። ብዙ የደጋገሙት ጥቂት ከደጋገሙት በልጠው አልተገኙም። ታዲያ ለምን ቁጠሩ እላለሁ? ካልቆጠርን 32 ላይ እንቀራለን፣ ለዚያ ነው። የብሪታንያና የአየርላንድ የስትሮክ መመሪያም በ2023 ታማሚዎች በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 5 ቀን ልምምድ እንዲያገኙ መክሯል። ይህን ያህል ጊዜ ቴራፒስት አጠገባችሁ አይቀመጥም። ቤቱ ነው የሚሞላው።

6ኛ፦ ቀላቅሉ

በ1979 ሺአ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎች የቆሙ ትናንሽ የእንጨት ሰሌዳዎችን በእጅ በቅደም ተከተል መትተው እንዲጥሉ አደረጉ፤ ሦስት ዓይነት ቅደም ተከተል ነበር። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው የሄዱት በልምምዱ ሰዓት ፈጣን ሆኑ። እየቀላቀሉ የሠሩት ዘገዩ። ከቀናት በኋላ ሲፈተኑ ግን የበለጡት የቀላቀሉት ናቸው። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዛሬ የሚያምር ልምምድ ነገ የሚቆይ ላይሆን ይችላል። አዲስ ሥራ ሲጀምሩ ለጥቂት ቀን አንዱን ብቻ ይደጋግሙ። ከቀለላቸው በኋላ ኩባያ፣ ክዳን፣ ቁልፍ፣ እንደገና ኩባያ እያላችሁ አደባልቁት። ይሳሳታሉ፤ ይሳሳቱ።

7ኛ፦ ከልምምድ ውጭ ያለው ቀን

ኤድዋርድ ታውብ የተባሉ ተመራማሪ በዝንጀሮዎች ላይ ያዩት ነገር ሁሌም ከአእምሮዬ አይጠፋም። የአንድ ክንዳቸው ስሜት የተቋረጠባቸው ዝንጀሮዎች ክንዱን ማንቀሳቀስ እየቻሉ ጨርሶ ተዉት። መጀመሪያ ሞከሩ፣ አልሆነም፤ ደህናው ክንድ ሠራላቸው፤ በቃ፣ ያንኛው ተረሳ። ደህናው ክንድ ሲታሰር ግን የተረሳው ተመልሶ መሥራት ጀመረ። አለመጠቀምን ተምረውት ነበር ማለት ነው።

በሰው ላይ ይህን የፈተነው ትልቁ ጥናት በ2006 ወጣ። ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ለሁለት ሳምንት ደህናው እጃቸው ላይ ወፍራም ጓንት አድርገው፣ ነቅተው ከሚቆዩበት ሰዓት 90 በመቶውን እንዲያሳልፉና በደከመው እጅ አጥብቀው እንዲለማመዱ ተደረገ። ከሌሎቹ በግልጽ ተሻሉ፤ ከዓመት በኋላም ልዩነቱ ነበር። ይህን ግን ያለ ባለሙያ አትጀምሩት። ደረጃ ላይ ወይም መታጠቢያ ቤት ደህና እጁ የታሰረ ሰው ቢወድቅ የሚይዘው የለም።

በቤት አቅም የሚሆነው ውል ነው። ሦስት የቀኑ ሥራዎች የደከመው እጅ ይሁኑ ብላችሁ ተስማሙ። ለምሳሌ መብራት ማብራትና ማጥፋት፣ ናፕኪን ማንሳት፣ የኪስ ስልክ ማውጣት። በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ቀጥሎ ያለው ለእናንተ ለቤተሰብ ነው። አባታችሁ ቁልፍ ሊቆልፉ ሲታገሉ እጃችሁ ይቸኩላል፤ አውቃለሁ። ወዳችሁም አይደለም፣ ማየቱ ያማል። ግን ዝም ብላችሁ በልባችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ። ከዚያም ሙሉውን አትሥሩላቸው። ቀዳዳውን ብቻ ያዙላቸው፤ ቁልፉን እሳቸው ያስገቡ። አንድ ቤት ልጅቷ ሸሚዙን ይዛ ቀስ ብላ ስትጠብቅ፣ አባትየው አመልካች ጣቱ ሦስት ጊዜ አንሸራቶት በአራተኛው ቁልፉን ሲያስገባው አይቻለሁ። ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ቀድሞ ለአምስት ወር በየጠዋቱ እሷ ነበረች የምትቆልፍለት።

8ኛ፦ ለኩ

በየሁለት ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ሁለት ሳህን አስቀምጡ፤ መሃላቸው መጽሐፍ አቁሙ። 60 ሰከንድ አስይዙ። በደከመው እጅ አንድ በአንድ ስንት ክዳን መጽሐፉን ተሻገረ? ጻፉ። ክሊኒክ ውስጥ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው የእንጨት ኩቦች በሳጥን የሚሠራ ተመሳሳይ ፈተና አለ፤ ሃሳቡ ያው ነው። በስልክ ቪዲዮም ቅረጹ፣ ከአንድ አቅጣጫ። ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ደረታቸው ማጋደል ከተወ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ያንን ደግሞ ቪዲዮው ብቻ ነው የሚያሳየው።

ስም ያለው ዘዴ ፍለጋ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። በ2016 የወጣው አይኬር የተባለ ጥናት 361 ሰዎችን አሳትፎ፣ ተጠንቶ የተዋቀረ የሥራ ልምምድ ፕሮግራምን ከተለመደው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ጋር አወዳደረ። በእጅ አጠቃቀም ልዩነት አልተገኘም። "ልዩ ቴክኖሎጂ" ብሎ የሚመጣባችሁን ሰው አባቴ በዚህ በቀን ስንት ጊዜ እጁን ለእውነተኛ ሥራ ያንቀሳቅሳል ብላችሁ ጠይቁት።

እጁ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ

መስታወት ሞክሩ። በ1999 በ9 ሰዎች ላይ በተሠራ ትንሽ ጥናት ለስትሮክ የተዋወቀ ዘዴ ነው። በ2018 የ62 ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ግምገማም ከሌላ ሕክምና ጋር ሲሰጥ እንደሚረዳ አሳይቷል። ክንድን የሚሸፍን መስታወት ጠረጴዛው ላይ በደረታቸው መሃል ትክክል አቁሙ፤ ፊቱ ወደ ደህናው እጅ ይሁን። የደከመው እጅ ከኋላው ይደበቅ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ መስታወቱ ውስጥ ያለው እጅ የእሳቸው የደከመው እጅ መምሰል አለበት። መስታወቱን እያዩ ደህናውን እጅ ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ ይዝጉ፣ አንጓውን ያንሱ። የተደበቀውም እንዲሞክር ይጠይቁት። ቴሌቪዥን ይጥፋ። 15 ደቂቃ ጠዋት፣ 15 ማታ። ካዞራቸው ወይም ስሜታቸው ከተረበሸ አቁሙ።

ከልምምድ ውጭ ክንዱ ሳይንጠለጠል ትራስ ላይ ይረፍ፣ ጣቶቹ ተዘርግተው። እጁ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ሲነካ የሚያም ከሆነ ሳትቆዩ ለቴራፒስታችሁ ንገሩ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ እጃቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ አሳልፋችሁ ያንን የመጀመሪያውን ፍተሻ ድገሙት። አንጓው ብቅ ማለት ከጀመረ መስታወቱን ወደ ጎን አድርጉና ባዶውን የፕላስቲክ ኩባያ አቅርቡላቸው።